የሚያጠፋ ትዕዛዝ ማጥፋቱን ይናገር፦ የከርነል ትሬሲንግ መመሪያዎች የዘለሉት መስመር

ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ሰርቨር እንዲጠብቅ የሚቀጠር ልጅ መጀመሪያ ቀን ሁለት ነገር ይሰጠዋል። አንዱ የይለፍ ቃል ነው። ሌላው ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ትቶት የሄደ የትዕዛዝ ዝርዝር ነው፤ አንዳንዴ ወረቀት ላይ የታተመ፣ አንዳንዴ በቴሌግራም የተላከ። ዝርዝሩ «ይህን ከፈለግህ ይህን ጻፍ» ይላል። «ይህን ስትጽፍ ግን ያኛው ይጠፋብሃል» የሚል መስመር ብዙ ጊዜ የለውም።

የማነሳው ይህንኑ የጎደለ መስመር ነው። ነገሩ የእኛ ሰፈር ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሊኑክስ ከርነል መመሪያ ራሱ፣ አንዳንድ ትዕዛዞች የተሰበሰበን መረጃ ጠራርገው እንደሚያጠፉ መጀመሪያ ላይ አልተናገረም። የትዕዛዙን ሥራ ጽፎ የጎንዮሽ ጉዳቱን ዘልሎታል። ማሳሰቢያዎቹ በኋላ ነው የገቡት። የገቡትም ቢሆኑ ሁሉም ቦታ አልደረሱም።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ዲስኩም፣ ኔትወርኩም፣ ሜሞሪውም፣ የፕሮግራሞች ተራም በከርነሉ በኩል ያልፋል። ሰርቨሩ ያለ ምክንያት ሲንቀራፈፍ፣ በዚያች ሰዓት ከርነሉ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደነበር የሚመዘግቡ መሣሪያዎች አሉ። ሥራው ትሬሲንግ ይባላል። በሊኑክስ ላይ ዋናው መሣሪያ ኤፍትሬስ ነው። ስቲቨን ሮስቴድ የሠራው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ2.6.27 ስሪት ጋር ከርነሉ ውስጥ ገባ። አንድሮይድ ላይ የሚሠራው የትሬሲንግ መሣሪያ ፐርፌቶም ቢሆን የከርነሉን ክስተቶች የሚቀበለው በኤፍትሬስ በኩል ነው።

ኤፍትሬስን ለመጠቀም ምንም ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም። ሁሉም ነገር በፋይል መልክ ቀርቧል። «ሲስ» ውስጥ «ከርነል»፣ እሱ ውስጥ ደግሞ «ትሬሲንግ» የሚባል ማውጫ አለ። እዚያ ያሉ ፋይሎች ላይ ኢኮ በሚባለው ትዕዛዝ መጻፍ ማለት ማዘዝ ነው። ካት በሚባለው ትዕዛዝ ማንበብ ማለት መጠየቅ ነው። የሩት፣ ማለትም የሙሉ አስተዳዳሪ፣ ሥልጣን ካለህ በቃ፣ ጀመርክ። ኔትወርክ እንደ ልቡ በሚመጣበትና በሚሄድበት አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚወርድ ነገር የለማ።

ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ፋይል ስለሚመስል ሰው እንደ ፋይል ያስበዋል። አንድ ፋይል ላይ አንዲት ቃል ብቀይር ሌላኛው ፋይል ባዶ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ?

የተመዘገበው ሁሉ የሚቀመጠው ሪንግ ባፈር በሚባል የሜሞሪ ክፍል ነው። እያንዳንዱ ሲፒዩ የራሱ ባፈር አለው። መጠኑን ካልነካኸው፣ ትሬሲንግ ሲጀመር ለአንድ ሲፒዩ 1408 ኪሎባይት ድረስ ይሰፋል። ይህ ብዙ አይደለም። ፋንክሽን ትሬሰር የሚባለው መዝጋቢ የከርነሉን እያንዳንዱን የፋንክሽን ጥሪ ሲመዘግብ ባፈሩ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ አዲሱ የድሮውን እየደፈነ ይቀጥላል። ስለዚህ ውስጡ ያለው የመጨረሻዋ አፍታ ብቻ ናት። ቦታው ሜሞሪ ስለሆነ ደግሞ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እንዲህ በቀላሉ የሚጠፋ ማስረጃ ነው እንግዲህ። በእጅ የገባ ዕለት በጥንቃቄ መያዝ ነበረበት።

አንድ የማውቀው ልጅ ደብረ ማርቆስ ውስጥ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ይጠብቃል። ዳታቤዙ አንዳንድ ሌሊት ለጥቂት ሰከንድ ይቆማል። ጠዋት ሠራተኞች ሲገቡ ምንም ችግር የለም። ልጁ ጎበዝ ነው። መዘግየቱ ከወሰን ሲያልፍ «ትሬሲንግ ኦን» የሚባለው ፋይል ላይ 0 የሚጽፍ ትንሽ ስክሪፕት ሠራ። 0 ሲጻፍ ምዝገባው ይቆማል፤ የተመዘገበው ግን ባለበት ይቀመጣል። ትክክለኛ አካሄድ ነው። አንድ ሌሊት ወጥመዱ ሠራ። ጠዋት ሲገባ ማስረጃው ባፈሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀው።

አሁን የቀረው ይህንን ከዳታቤዙ መዝገብ ጋር ማስተያየት ነው። የዳታቤዙ መዝገብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይላል። ኤፍትሬስ ግን ሰዓት የሚቆጥረው ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ በሰከንድ ነው። ሁለቱ አልገናኝ አሉት። ፋይሎቹን ሲያይ «ትሬስ ክሎክ» የሚል አገኘ። በካት ሲያነበው አማራጮቹ ተደርድረዋል፦ ሎካል፣ ግሎባል፣ ካውንተር፣ አፕታይም፣ ፐርፍ፣ ሞኖ፣ ቡት እያለ ይቀጥላል። ቡትን መረጠ። ከዚያ «ትሬስ» ፋይሉን ከፈተ። ራስጌው ላይ ባፈር ውስጥ ያለውንና በአጠቃላይ የተጻፈውን የሚያሳዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ። 0/0 ይላል።

ስህተት የሚል መልእክት አልመጣም። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ሰዓት ልቀይር ብሎ የሌሊቱን ማስረጃ ጠረገ።

ከርነሉ እዚህ ጋ ተሳስቷል ወይ? አልተሳሳተም። እንዲያውም ማጥፋቱ ልክ ነው። ባፈሩ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ለእያንዳንዱ ክስተት ሙሉ ሰዓት አይጽፍም። ከፊተኛው ክስተት ወዲህ ስንት ናኖሰከንድ እንዳለፈ ብቻ ነው የሚጽፈው። ለዚያ ልዩነት የተመደበው 27 ቢት ነው። በ27 ቢት የሚያዘው ትልቁ ቁጥር 134 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ክፍተቱ ከዚያ ከበለጠ ተጨማሪ የሰዓት መዝገብ ይገባል። እንግዲህ የአንዱ ሰዓት በሌላው ላይ እየተደመረ የሚሄድ ከሆነ፣ መሐል ላይ ሰዓቱን መቀየር ማለት የመደመሪያውን መሠረት መንቀል ነው። ሎካል ናኖሰከንድ ይቆጥራል። ካውንተር ደግሞ ጭራሽ ሰዓት አይደለም፤ በየክስተቱ አንድ የሚጨምር ቁጥር ነው። ሁለቱ አንድ ባፈር ውስጥ ቢቀላቀሉ የሚወጣው ቅደም ተከተል ውሸት ይሆናል። ውሸት ከማሳየት ባዶ ማሳየት ይሻላል።

የሚገርመው ይህ ምክንያት ተጽፎ መኖሩ ነው። የከርነሉ ኮድ ውስጥ፣ ሰዓት የሚቀየርበት ቦታ ላይ፣ አዲሱ ሰዓት ከቀድሞው ጋር ላይጣጣም ስለሚችል ባፈሩ ይጸዳል የሚል አስተያየት ገብቷል። ገንቢው ያነበዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ምን እንደሆነ ሊያጣራ የተቀመጠው የደብረ ማርቆስ ልጅ ግን የከርነል ኮድ ከፍቶ አይደለም ሰዓት የሚቀይር። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ማጥፋቱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ማስጠንቀቂያው የሚሠራው ሰው እጅ አጠገብ አለመኖሩ ነው።

ዛሬ ይፋዊው መመሪያ ነገሩን በግልጽ ይናገራል። ሰዓት መቀየር የሪንግ ባፈሩንም የስናፕሾት ባፈሩንም ይዘት ያጸዳል ይላል። ስናፕሾት ምን እንደሆነ በኋላ አስረዳለሁ። የሚሠራው ትሬሰር (መዝጋቢ) ስለሚመረጥበት «ከረንት ትሬሰር» ስለሚባለው ፋይልም ተመሳሳይ ዐረፍተ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከመሣሪያው ጋር የወጣው የመጀመሪያው መመሪያ ግን ስለ ከረንት ትሬሰር የሚለው፣ አሁን የተመረጠውን ትሬሰር ለመምረጥና ለማየት ያገለግላል የሚል ብቻ ነበር። እውነት ነው፣ ያገለግላል። ጎደሎ እውነት።

ከረንት ትሬሰር ደግሞ ከሰዓቱ የባሰ ወጥመድ ነው። ምክንያቱም ሰው ትሬሲንግ «ለማቆም» የሚጠቀምበት እሱን ነው። ብዙ ማስተማሪያ ላይ የመጨረሻው መስመር «ኢኮ ኖፕ > ከረንት ትሬሰር» ነው። ኖፕ ማለት ምንም የማይሠራ ትሬሰር ነው። ተማሪው «አቆምኩት፣ አሁን ላንብበው» ብሎ ይከፍተዋል። ባዶ። ፋንክሽን ላይ የነበረውን ወደ ኖፕ መቀየር የትሬሰር ለውጥ ነው፤ የትሬሰር ለውጥ ባፈር ያጸዳል። ማቆም የፈለገ ሰው ትሬሲንግ ኦን ላይ 0 መጻፍ ነበረበት። ባሕር ዳር ፖሊ ወይም ፔዳ ግቢ ውስጥ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚማር ልጅ ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ይዞ ቢወጣ፣ ይህችን ቢይዝ ደስ ይለኛል።

ወደ «ስናፕሾት» ልምጣ፤ እዚህ ጋ መልካምም መጥፎም አለ። ስናፕሾት ዋናው ባፈር ሲሠራ በአንድ አፍታ የነበረውን ለይቶ የሚያስቀምጥ ሁለተኛ ባፈር ነው። 1 ስትጽፍበት ቦታ ይይዝና ያነሳል። 0 ስትጽፍ ያጸዳል፣ ቦታውንም ይለቅቃል። 2 ወይም ሌላ ቁጥር ስትጽፍ ያጸዳል፣ ቦታውን ግን አይለቅም። ይህ ለማስታወስ አስቸጋሪ ነው። ግን ማስታወስ አያስፈልግም! ስናፕሾቱ ባዶ ሳለ ፋይሉን በካት ብታነበው፣ እነዚህን ሦስት ትዕዛዞች ከነጉዳታቸው ጽፎ ያሳይሃል። «2» ራሱ የግድ 2 መሆን እንደሌለበት ሳይቀር በቅንፍ ያስረዳል። ይህን የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ። ሰነድ መሆን ያለበት እዚያው ነው፤ ትዕዛዙ በሚጻፍበት ፋይል ውስጥ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ፍለጋ።

መጥፎው ደግሞ ይኸውና። ሰው ስናፕሾት የሚያነሳው ማስረጃው እንዳይጠፋ ነው። ግን ቅድም እንዳልኩት ሰዓት ስትቀይር ስናፕሾቱም አብሮ ይጸዳል። ትሬሰር ስትቀይርም እንዲሁ። የባፈሩን ንዑስ ክፍል መጠን ስትቀይርም ትሬሲንጉ ይቆማል፣ ሁለቱም ባዶ ይሆናሉ። ጠንቃቃ ሰው «ዋናው ቢጠፋ ስናፕሾት አለኝ» ብሎ በልበ ሙሉነት ሰዓት ይቀይርና ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያጣል። መጠባበቂያ መስሎ መጠባበቂያ ያልሆነ ነገር ከሌለው የከፋ ነው። ሰነዱ «ባፈሩ ይጸዳል» ብሎ ቢያበቃ ኖሮ ግማሽ ሥራ ነበር። «ስናፕሾቱም ጭምር» የምትለዋ ቃል ናት ሰውን የምታድነው።

ቀስት መሳዩ ምልክትም የራሱ ጣጣ አለው። ሼል ላይ አንድ «>» ማለት ፋይሉን ባዶ አድርገህ ጻፍ ማለት ነው። ሁለት «>>» ማለት ካለው ላይ ጨምር ማለት ነው። ትሬስ ፋይል ላይ አንድ ቀስት ከተጠቀምክ፣ ምንም ጻፍ ምን፣ ባፈሩ ይጸዳል። የሚያጸዳው የጻፍከው ቃል አይደለም፤ ፋይሉ ባዶ እንዲደረግ ተብሎ መከፈቱ ነው። «ሴት ኢቨንት» ላይ አንድ ቀስት ከተጠቀምክ ደግሞ ባፈሩ አይነካም፤ ግን ቀደም ብለው የተከፈቱ ክስተቶች በሙሉ ይዘጉና የጻፍከው ብቻ ይቀራል። «ትሬስ ማርከር» ላይ አንድ ቀስት ብትጠቀም ምንም አይጠፋም፤ መልእክትህ ባፈሩ ውስጥ ይገባል። አንድ ምልክት፣ ሦስት ውጤት፣ እዚያው አንድ ማውጫ ውስጥ። የክስተቶች መመሪያው ስለ ሴት ኢቨንት ሲጽፍ ሁለት ቀስት ካልተጠቀማችሁ መጀመሪያ ሁሉንም ይዘጋል ብሎ ምሳሌው ሥር አስጠንቅቋል። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ሳይሆን ምሳሌው ሥር።

የንባብ ጉዳትም አለ። «ትሬስ» የሚለውን ፋይል ማንበብ ይዘቱን አይቀንስም። «ትሬስ ፓይፕ» የሚለውን ማንበብ ግን ያነበብከውን ከባፈሩ ያወጣል፤ ሁለተኛ አታገኘውም። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢያነበው ይሻማሉ፤ አንዱ ያገኘውን ሌላው አያገኝም። ይህ በመመሪያው ውስጥ በደንብ ተጽፏል። እኛ ዘንድ ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ከባሕር ዳር ሆነህ የፍኖተ ሰላም ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች፣ ማለትም በርቀት መግቢያው፣ ገብተህ ትሬስ ፓይፕን በካት ከፈትክ እንበል። ኔትወርኩ ይቆረጣል። ካት የነበረውን ከባፈሩ አውጥቶታል፤ አንተ ጋ ግን አልደረሰም። ከርነሉ ዘንድም የለም፣ አንተም ዘንድ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜ ያየ ሰው ይህን እንደ ሩቅ ምሳሌ አይቆጥረውም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ውጤቱን ስክሪን ላይ ሳይሆን እዚያው ሰርቨሩ ዲስክ ላይ አስቀምጥ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ውሰደው። ግን ይህን የሚል መስመር እኛው ካልጻፍነው ማንም አይጽፍልንም።

ትሬስ ፋይልን ማንበብ አይጎዳም ብያለሁ፤ እሱም እንደ ከርነሉ ስሪት ይለያያል። ቀድሞ ፋይሉን ለንባብ መክፈት ምዝገባውን እስኪዘጋ ድረስ ያቆመው ነበር። አንድ ተርሚናል ላይ ከፍተህ ረስተኸው ብትሄድ በዚያ ጊዜ የሆነው ሁሉ አይመዘገብም። በአዳዲስ ከርነሎች ይህ ቀርቷል። የድሮውን ጠባይ የሚፈልግ «ፖዝ ኦን ትሬስ» የሚለውን አማራጭ ማብራት አለበት።

አሁን ወደ ሌላ መሣሪያ ልሻገር፤ ንጽጽሩ ስለሚጣፍጥ። ዲሜስግን ሊኑክስ የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የከርነሉን መልእክቶች ያሳያል። በትልቁ ሲ ብትጠራው «ያጸዳል» ይላል። ከዚያ በኋላ ዲሜስግ ብትል ባዶ ነው። ጠፋ? አልጠፋም! ከርነሉ ያደረገው «ከዚህ በፊት ያለውን አታሳይ» የሚል ምልክት ማስቀመጥ ብቻ ነው። «ዴቭ» ውስጥ ያለውን «ኬመሴጅ» በቀጥታ ብታነበው የቀድሞዎቹ መልእክቶች፣ በአዲስ እስካልተደፈኑ ድረስ፣ እዚያው ናቸው።

እንግዲህ ተመልከቱ። «አጸዳለሁ» የሚለው አያጠፋም። «ሰዓት እቀይራለሁ» የሚለው ግን ያጠፋል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰምና ወርቁን ዋሸራ ላይ እንወደዋለን። ሩት ሆነህ በምትሠራበት ተርሚናል ላይ ግን ሰሙም ወርቁም አንድ ቢሆን ይሻላል።

ሶላሪስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የተወለደው የትሬሲንግ መሣሪያ ዲትሬስ «ክሊር» ሲባል የተደመሩትን ቁጥሮች ዜሮ ያደርግና ስሞቹን ይተዋል። ስሞቹም እንዲጠፉ «ትራንክ» ማለት አለብህ። በሊኑክሱ ቢፒኤፍትሬስ ደግሞ «ክሊር» ስሞቹንም ቁጥሮቹንም ይሰርዛል፤ ቁጥሩን ብቻ ዜሮ ማድረግ ከፈለግህ «ዜሮ» የሚባል ሌላ ትዕዛዝ አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው በለመደው ቃል ይጠለፋል። የሚያስመሰግናቸው ሁለቱም ይህን በሰነዳቸው መለየታቸው ነው።

ፐርፍና ትሬስ ሲኤምዲ የሚባሉትን መመዝገቢያ መሣሪያዎችም ላንሳ፣ በአጭሩ። ፐርፍ ሪከርድ አዲስ ስትጀምር የቀድሞውን ፋይል «ኦልድ» የሚል ቅጥያ ሰጥቶ ያስቀምጥልሃል። አንድ ጊዜ ብትሳሳት ያተርፍሃል። ትሬስ ሲኤምዲ ሪከርድ ግን የውጤት ስም ካልሰጠኸው በቀድሞው ላይ ይጽፋል። የትሬስ ሲኤምዲ «ሪሴት» ደግሞ በአንድ መስመር መግለጫው ላይ ትሬሲንግን ዘግቶ ባፈሮቹን እንደሚያጸዳ ይናገራል። በአንዲት መስመር! አስቸጋሪ አይደለም እኮ።

ታዲያ ከርነሉ ለምን «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ እንዲጠይቅ አይደረግም? የሚል አይጠፋም። ፋይል ላይ የሚጻፍ ትዕዛዝ ጥያቄ የመጠየቂያ አፍ የለውም። ባፈሩ ባዶ ካልሆነ እምቢ ይበል ቢባል ደግሞ፣ ትሬሰር ሲቀየር ባፈሩ እንደሚጸዳ ተማምነው የተጻፉ ስክሪፕቶች ይሰበራሉ። በከርነሉ ዓለም ትልቁ ሕግ ደግሞ ሲሠራ የነበረን የተጠቃሚ ፕሮግራም አትስበር የሚለው ነው፤ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በዚህ ላይ አይደራደርም። ስለዚህ ጠባዩ ይቀጥላል። ጠባዩ የሚቀጥል ከሆነ የሚቀረው መንገድ መጻፍ ነው። አንዳንዱ ሰው የሰነድ ሥራን እንደ ተረፈ ሥራ ያየዋል። እዚህ ጋ ግን ጥገናው ራሱ ሰነዱ ነው።

እንዴት ይጻፍ? «ይጠንቀቁ፣ መረጃ ሊጠፋ ይችላል» የሚለው አይረባም። የሚነበበው እንደ ቢሮ ማስታወቂያ ነው። የትኛው ባፈር እንደሚጸዳ፣ የአንድ ሲፒዩ ይሁን የሁሉም፣ ስናፕሾቱ ይነካ አይነካ፣ ከዚያ በፊት ምን መደረግ እንዳለበት መናገር አለበት። ለምሳሌ ስለ ትሬስ ክሎክ እንዲህ ቢጻፍ፦ «ይህን መቀየር የሁሉንም ሲፒዩ ባፈርና ስናፕሾቱን ባዶ ያደርጋል። ያለው የሚያስፈልግህ ከሆነ መጀመሪያ የትሬስ ፋይሉን ወደ ዲስክ ቅዳ። ሰዓቱን ምዝገባ ከመጀመርህ በፊት ምረጥ።» ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው። የመጨረሻዋ ዋናዋ ናት፤ ከመጠንቀቅ አልፋ ቅደም ተከተሉን ታስተምራለች። እንዲያውም የደብረ ማርቆሱ ልጅ ሰዓት መቀየር አያስፈልገውም ነበር። ስክሪፕቱ ምዝገባውን ከማቆሙ በፊት ቀንና ሰዓት የሚያሳየውን የ«ዴት» ትዕዛዝ ውጤት ትሬስ ማርከር ላይ ቢጽፍ፣ የግድግዳ ሰዓቱና የከርነሉ ሰዓት አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ይገኙ ነበር።

ሌላ ጥንቃቄም አለ። «ኢንስታንስስ» የሚባለው ማውጫ ውስጥ አዲስ ማውጫ ከፈጠርክ የራሱ ባፈርና የራሱ ሰዓት ያለው ለብቻው የሚሠራ ቦታ ታገኛለህ። ሁለት ሰው አንድ ሰርቨር ላይ ሲሠራ አንዱ የሌላውን ባፈር እንዳያጸዳ ይህ ጥሩ መለያ ነው። ማውጫውን ስትሰርዘው ግን ባፈሩም አብሮ እንደሚሰረዝ አትርሳ።

ማውጫው ውስጥ «ሪድሚ» የሚል ፋይልም አለ። ብዙ ሰው አያየውም። ትሬሲንግን በአጭሩ የሚያስረዳ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ከተጫነው ከርነል ስሪት ጋርም ይሄዳል። ስለ ትሬስ ፋይል ሲናገር ባፈሩን ለማጽዳት እዚህ ጻፍ ይላል። ስለ ትሬስ ፓይፕ ሲናገር ያነበብከውን የሚያወጣ ንባብ መሆኑን ይገልጻል። ስለ ከረንት ትሬሰር ግን እኔ ባየኋቸው ስሪቶች የፋንክሽንና የሌተንሲ ትሬሰሮች ብሎ ነው የሚያልፈው። ስለ ሰዓት ሲናገር የእያንዳንዱን ሰዓት ጠባይ ይዘረዝራል፤ ማጽዳቱን አያነሳም። ማለትም ትልቁ መመሪያ የተማረውን ትንሹ መመሪያ አልሰማም። ሰርቨር ክፍል ውስጥ ኔትወርክ በሌለበት የሚነበበው ደግሞ ትንሹ ነው።

ይህን ክፍተት ጎጃም ሆኖ መሙላት የሚከብድ ሥራ አይደለም። የከርነል ሰነድ የሚስተካከለው ልክ እንደ ኮዱ ነው፤ ለውጡን አዘጋጅተህ፣ በስምህ ፈርመህ፣ በኢሜይል ለሚመለከታቸው ጠባቂዎች ትልካለህ። ከርነሉ ውስጥ የትርጉም ማውጫም አለ። ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ስፓኒሽ ገብተውበታል። አማርኛ የለም። ሙሉውን መተርጎም የብዙ ሰው ሥራ ነው። ሁለት መስመር ማስተካከል ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ነው።

የሚጽፈው ሰው አንድ ነገር ያረጋግጥ፤ የጻፈውን በሚጠቀምበት ስሪት ላይ ሞክሮ ይየው። ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለው ሰርቨር አዲሱ አይደለም። ድጋፉ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ያበቃው ሴንትኦኤስ 7 በ3.10 ከርነል ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዛሬም የሚያሠሩት አሉ። እዚያ ላይ የትሬሲንግ ማውጫው «ዲበግ» በሚባለው ሥር ነው የሚገኘው፤ ራሱን ችሎ የወጣው ከ4.1 ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ትሬስ ፋይልን መክፈት ምዝገባውን የሚያቆመውም በእሱ ላይ ነው። የንዑስ ባፈር መጠን መቀየሪያው ደግሞ ጭራሽ የለውም። መሞከሪያው ቀላል ነው። ቨርቹዋል ማሽን አስነሳ፣ ትሬስ ማርከር ላይ አንድ ቃል ጻፍ፣ የምትጠረጥረውን ፋይል ቀይር፣ ትሬስን ክፈት። ቃልህ ከሌለ የሚጻፍ መስመር አግኝተሃል። ከዚያ ስናፕሾት አንስተህ እንደገና ሞክረው።